ሕግ ለመማር ያሰበ ልጅ መጀመሪያ ምን ያጥና?

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ በሩን አንኳኩቶ ገባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ መጥቶለታል፤ አልፏል። ፊቱ ግን የወደቀ ልጅ ፊት ነው።

«አክስቴ፣ ናቹራል ነበርኩ። ሕግ አለቀልኝ ማለት ነው?»

አላለቀልህም አልኩት። እኔ ራሴ መጀመሪያ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስድስት ዓመት ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ነው ሕግን በማታ የጀመርኩት። ከቱሉ ዲምቱ ሥራ፣ ከሥራ ክፍል፣ ከክፍል ደግሞ በመጨረሻው ታክሲ ወደ ቤት። ዛሬ ጠበቃ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ እንደዚህ ልጅ የሚጨነቁ ብዙ ስላሉ፣ ቡናው እስኪፈላ የነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ መንገዱን ለዩ። እኛ አገር ሕግ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሶሻል የነበረ ልጅ የፍሬሽማኑን ዓመት ጨርሶ ሕግን መምረጥ ይችላል። ምደባው በውጤት ነው፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። ስለዚህ እናንተ ሶሻሎች ሌላ ዲግሪ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። የፍሬሽማኑን ዓመት ግን እንደ መሸጋገሪያ አትዩት። በተለይ ሎጂክን አትናቁ። አንድ ክርክር የት ጋ እንደሚያነክስ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው የእኔ መንገድ ነው። ሌላ ነገር ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ ሕግን በማታ መማር። ለናቹራል ልጆች የምመክረው ይህንን ነው። የመግቢያ መስፈርቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ሄዳችሁ ከሬጅስትራር ጠይቁ፤ በወሬ አትመኑ።

ሦስተኛው የውጭ መንገድ ነው። እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። ልጇ ጠበቃ መሆን ትፈልጋለች፤ «ለሕግ የሚያዘጋጅ ትምህርት ካልተማረች አይቀበሏትም» ብለው አስጨንቀዋታል። እንዲያ አይደለም። አሜሪካ ሕግ የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ሦስት ዓመት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ይህን አጥኑ ብሎ አንድ ዘርፍ ለይቶ አይመክርም። ትምህርት ቤቶቹ በዋናነት የሚያዩት የዲግሪውን ውጤትና ኤልሳት የሚባለውን ፈተና ነው። ፈተናው ከ120 እስከ 180 ይታረማል። ከፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ወዲህ የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ክፍል ወጥቷል። አሁን ነጥብ የሚሰጠው ክርክርን ለመመዘንና አንብቦ ለመረዳት ነው። ሙዚቃ አጥንታም ልትገባ ትችላለች፤ ማንበብ ካወቀች።

ማንበብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላሳያችሁ።

አንድ የሰፈራችን ሰው ውል ይዞ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ አርሶ አደር 200 ካሬ ሜትር ገዝቷል። ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። የሦስት ምስክሮች የጣት አሻራ አለበት፤ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። መጨረሻው ላይ ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው ይላል። ሰውየው ቁጥሩን በጣቱ እየነካ «ይኸው፣ ሕጉ አለበት» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ቁጥር 1731 የሚለው በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ነው። ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሱ 1723ን ታገኛላችሁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ከዚያም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ውሉን የጻፈው ሰው አንድ ቁጥር ያውቅ ነበር። ዙሪያውን አላነበበም። የአንድ ቤተሰብ ጥሪት የሄደው በዚያ ነው።

ያንን ውል ስሙን ሸፍኜ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት፤ ከሕጉ መጽሐፍ ጋር። 1723ን አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ቀና ብሎ «አክስቴ፣ 'በሕግ አግባብ' የምትለዋ ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ሕግ መማር የሚችል ልጅ ይህን የሚጠይቅ ልጅ ነው። ናቹራል ሶሻል የሚባለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

እንግዲህ ዘርፉን ስትመርጡ የስሙን መቀራረብ አትዩ። ብዙ ልጅ «ለሕግ ይቀርባል» ብሎ ፖለቲካል ሳይንስ ይገባል። ከወደዳችሁት ጥሩ ትምህርት ነው። ለሕግ ብላችሁ ብቻ ግን አትግቡበት። ሕገ መንግሥቱን ሕግ ትምህርት ቤት ከሀ ጀምሮ ያስተምራችኋል። ሕግ ትምህርት ቤት የማያስተምራችሁ ሰዎች የሚካሰሱበትን ነገር ነው፤ ሒሳቡን፣ መሬቱን፣ ማሽኑን፣ በሽታውን።

በሰፈራችሁ ሰው የሚካሰሰው በምንድን ነው? እኛ ጋ መልሱ ቅርብ ነው። ገላንና ቂሊንጦ ፋብሪካ ናቸው። የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ክርክር ሞልቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ማንም ገዝቶ ያነበዋል። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ተቀምጦ የጎደለውን ብር የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። የእኔ አካውንቲንግ እንጀራ የሆነኝ እዚያ ላይ ነው። መሬት ላይ ደግሞ ካርታና ኮኦርዲኔት የሚያነብ ጠበቃ ብርቅ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ወይም ቅየሳ የተማረ ልጅ ባለሙያው በችሎት ሲመሰክር ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ የምትወዱም አትፈሩ። ብዙ ገጽ ማንበብና አጥርቶ መጻፍ ያስለምዳሉ።

ቋንቋን ግን ለብቻው ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ሕግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ችሎት ስትቆሙ ሥራው በአማርኛ ነው። ከእኛ ሰፈር በባጃጅ ጥቂት ሄዳችሁ ገላን ስትገቡ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳን ሲረቀቅ በፈረንሳይኛ ነበር፤ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ የሚገዛው አማርኛው ነው። ስለዚህ የትኛውንም ዘርፍ ብትመርጡ ዲግሪያችሁን እስክትጨርሱ አንድ ቋንቋ በደንብ ያዙ። እኔ አፋን ኦሮሞን በልጅነቴ ችላ ብዬው ዛሬ በአስተርጓሚ እሠራለሁ። ይቆጨኛል።

ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አንድ ጠዋት ችሎት ግቡ። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልካችሁን አጥፍታችሁ ኋላ ተቀመጡ። ቀጠሮ ሲቀያየር ታያላችሁ፤ መዝገብ ሲፈለግ ታያላችሁ። የትኛው ጉዳይ ላይ ወደ ፊት ዘንበል እንዳላችሁ ልብ በሉ። የቤተሰብ ነው? የብድር ነው? የወንጀል ነው? ሁለተኛ፣ ያሰባችሁትን ትምህርት ክፍል የኮርስ ዝርዝር ከሲኒየር ተማሪ ለምኑና ስንቱ እንደሚያጽፋችሁ ቁጠሩ። ምንም የማያጽፍ ከሆነ መጻፉን በራሳችሁ መለማመድ አለባችሁ።

ውጤት የምታመጡበትንም ምረጡ። በማታም ገባችሁ፣ ውጭም ሄዳችሁ፣ መጀመሪያ የሚታየው ትራንስክሪፕታችሁ ነው። በየዘርፉ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ።

ልጁ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሊሞላ ወስኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢ ሲመጣ እኔ ጋ ይገባል። የሕጉን መጽሐፍ ወስዶታል፤ ስለ ውል የሚለውን ከ1675 ጀምሮ በተራ እያነበበ ነው። ባለፈው ቅዳሜ 1719 ላይ ደርሶ ሊከራከረኝ መጣ። «ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል እኮ! ታዲያ የሰውየው ወረቀት ምን አጠፋ?»

«አራት ቁጥር ወደፊት ሂድ» አልኩት።