ከድሬ ላሲክስ ላኩልኝ ለምትሉ

ማታ ስልኬ ሲጮኽ ገና ሳላነሳው አውቃለሁ። አሜሪካ አዲስ የገባ የድሬ ልጅ ነው። «አቦ፣ የእማዬ ላሲክስ አልቋል። የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ፓኮ ላክልኝ።» ላሲክስ ሰውነት ያጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አሜሪካ እናቴን አስታምሜያለሁ። መልሴ አልልክም ነው። ምክንያቱን አንዴ ልጻፈው።

ላሲክስና ፍሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው። እዚያ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከቤት የመጣውን «የእግሬ»፣ እዚያ የታዘዘውን «የልቤ» እያለ ሁለቱንም ይውጣል። አንዳንድ የግፊት ኪኒንም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባል ሌላ የሚያሸና መድኃኒት ተቀላቅሎበት ይመጣል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የተጋመሰውንም ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «ነጩ ኪኒን» ብላችሁ አትንገሩት፤ ነጭ ያልሆነ ኪኒን የታለ?

«እዚያ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ኪኒኑ ውድ አይደለም። ያለ ኢንሹራንስም በጥቂት ዶላር ይገኛል። ውዱ ሐኪሙና የደም ምርመራው ነው፤ እናንተም የምታመልጡት እሱን ነው። ግሪን ካርድ ይዛ የመጣች እናት ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ለመግዛት 65 ዓመት ሞልቷት አምስት ዓመት መኖር እንዳለባት አውቃለሁ፤ ያናድዳል። ግን ገቢ አይተው የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ፈልጓቸው። ይህ መድኃኒት ከውሃው ጋር ፖታሲየምና ሶዲየም የሚባሉትን የደም ጨዎችም ያወጣል። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። ለዚህ ነው ሲጀመርም ሆነ መጠኑ ሲቀየር በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ደምና ኩላሊት የሚታየው። እኔ ፓኮ ብልክላችሁ ደሙን ማን ያይላችኋል?

ደግሞ ያበጠ እግር ሁሉ ላሲክስ አይፈልግም። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የእግር ደም ሥር፣ እያንዳንዱ መንገዱ ሌላ ነው። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ያንን በሚያሸና ኪኒን ማሳደድ ልፋት ነው። ከረጅም በረራ በኋላ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ያኔ ለእኔ አትደውሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን እኛን ያገኘንን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ለእናቴ በቀን ሁለቴ አዘዘላት፤ በእነሱ ሰዓት ጠዋት 8 እና ከሰዓት 2። በስልክ ያስተረጎመልን ሰው ቁጥሩን እንዳለ አወረደው፤ «በስምንት ሰዓትና በሁለት ሰዓት።» ልብ በሉ፤ የእነሱ ጠዋት 8 የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። የእነሱ ከሰዓት 2 ደግሞ የእኛ ስምንት። ተገላብጦ ያው ቁጥር ነው! እናቴ የድሬን አቆጣጠር አልተወችም፤ ስምንትም ሁለትም ስላላት ምንም ግራ አልገባትም። የመጀመሪያውን ከምሳ በኋላ በስምንት፣ ሁለተኛውን ማታ በሁለት ሰዓት ከራቷ ጋር ትውጥ ጀመር። ላሲክስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል። እንግዲህ አስሉት። ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ታድራለች። አንድ ሌሊት ከአልጋዋ ብድግ ስትል አዞራትና ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። አጥንቷ ተረፈ፣ ግንባሯ ተሰፋ። ነርሷ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስዳለች?» ብላ ስትጠይቀን ሁለታችንም «አዎ» አልን። ደግሞ እውነታችንን ነበር።

ስለዚህ ቁጥር አትጻፉ። የኪኒን ሳጥኑ ላይ በአማርኛ «ከቁርስ ጋር»፣ «ከምሳ በኋላ» ብላችሁ ለጥፉ። እናት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀላት ከሆነ በዚያ ጻፉ፤ ድሬ አይደል ያደግነው? ሁለተኛው ኪኒን በእኛ አሥር ሰዓት ከሰዓት እንዳያልፍ። ተረስቶ ከመሸ ይዝለል፤ በማግስቱ ደርቦ መዋጥ የለም። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ጠይቁ፣ አትፈሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ኩላሊት እንዲያስተረጉም ማድረግ ደግሞ ነውር ነው።

የልብ ድካም ላለባት እናት ሚዛን ግዙ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ትመዘን። በአንድ ቀን ሦስት ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት አምስት ፓውንድ ከጨመረች ለሐኪሙ ይደወል። በራሳችሁ ኪኒን አትጨምሩ።

ጉልበቷን ሲያማት አድቪል (አይቡፕሮፌን) ወይም ከዚህ የሄደ ዲክሎፌናክ የሚባሉትን ማስታገሻዎች እንዳትሰጧት። ውሃ ያስቋጥራሉ፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲሆኑ ኩላሊት ይጎዳሉ። ወጥ ውስጥ የሚገባውን ማጣፈጫ ኩብ ቀንሱ፤ ጨው ነው። «ጨው አልባ ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው። ስፓይሮኖላክተን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚባሉትን የልብና የግፊት መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። እነዚህ ፖታሲየም ያስቀራሉ እንጂ አያወጡም። «ፖታሲየሙ እንዲተካ ሙዝ ይብላ» የሚለውም ምክር ለሁሉም አይሠራም። ጫትን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ እዚያ ሕገወጥ ነው፣ ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል። የታመመ ልብ ያለው ሰው እዚህም ቢተወው ጥሩ ነው።

ረመዳንም ሆነ የእኛ ጾም ሳይገባ ሐኪሙ የኪኒኑን ሰዓት ያስተካክል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት የዚያኑ ቀን ደውሉና መቀጠል እንዳለባት ጠይቁ። ለግንቦትና ለሰኔ ወደ ድሬ ይዛችኋት የምትመጡም እንዲሁ፤ ለሚኒሶታ ብርድ የተመጠነ መጠን ለድሬ ሙቀት ሊበዛባት ይችላል። ትኬቱን ስትቆርጡ ለሐኪሙም ቀጠሮ ያዙ፤ መድኃኒቷንም በራሱ ጠርሙስ፣ ከነማዘዣው፣ በእጅ ሻንጣ ያዙላት።