የሙያ ምዘናን ከማምረቻ ስልጠና ጋር ስናያይዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብረታ ብረት ሰልጣኝ የብቃት ማረጋገጫ ይዞ ሥራ ሲያጣ ልጁን ለመውቀስ እንቸኩላለን። ወረቀቱና ስልጠናው እንዴት እንደተያያዙ ግን ቆም ብለን አናይም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ምዘናን ለመጨረሻው ወር ማቆየት ነው። ሰልጣኙ ማስታወሻ ሲገለብጥ ከርሞ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናው (ሲኦሲ) ሲቃረብ ወርክሾፕ ይታጎራል። የሙያ ደረጃው እኮ በየብቃቱ ተዘርዝሯል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መለካት ይቻላል። ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጊያ ማሽን ላይ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ እንዲያወጣ የታዘዘ ልጅ ራሱ በማይክሮሜትር ይለካው፣ ንባቡንም ይጻፍ። የሥራ ስዕሉ የሚፈቅደው ልዩነት 0.05 ሚሊ ሜትር ሆኖ ንባቡ 24.93 ከመጣ ሥራው ወድቋል። ከልክ በታች የተላገ ብረት አይመለስምና ሌላ ብረት አስሮ ይጀምር። አሰልጣኙ አዝኖለት «ደህና ነው» ካለው ግን ፋብሪካው አያዝንለትም።

ሁለተኛው ቀጣሪውን ሳይጠይቁ ወረቀት መምረጥ ነው። ኒምስ የሚባለው የአሜሪካ የማሽን ሙያ ማረጋገጫ ጥሩ ነው፤ የተቀረጸው ግን ለዚያ አገር ኢንዱስትሪ ነው። ቃሊቲ ያለ ቀጣሪ ስሙን ካልሰማ ለልጁ ምን ይፈይድለታል? ብዙ ቀጣሪ ወረቀት አይቶ ሲያበቃ «እስቲ ሠርተህ አሳየኝ» ይላል። ኮሌጁ ያንን የሙከራ ሥራ ተቀብሎ የስልጠናው አካል ያድርገው።

ወረቀት ለዕድሜ ልክ ነው ብሎ ማስተማርም ሰልጣኙን ይጎዳል። አይኤስኦ 9606-1 በሚባለው ዓለም አቀፍ የበያጆች መፈተኛ ደረጃ የተፈተነ በያጅ በዚያው የብየዳ ዓይነት እየሠራ መሆኑ በየ6 ወሩ ካልተረጋገጠለት ብቃቱ ይቋረጣል። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመበየድ የተፈተነም፣ ከራሱ በላይ ላለ ብየዳ ብቁ አይባልም።

ራሱ ያልተመዘነ አሰልጣኝ ማሰማራት ስህተት መሆኑ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሙያውን በሥራ የተማሩትን መርሳታችን ነው። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ወደ ዕቃ የሚለውጡ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ሥርዓታችን የትም የተማረ ሰው እንዲመዘን ይፈቅዳል፤ ብዙዎቹ የሚደናቀፉት የጽሑፍ ፈተናው ላይ ነው። ስዕል ማንበብና የልኬት ሂሳብ የሚያስተምር አጭር ኮርስ ያስፈልጋቸዋል። የሚኖሩት በዕለት ገቢ ስለሆነ ማታ ይሰጥ፤ ተግባረዕድን የመሰሉ መሀል ከተማ ያሉ ኮሌጆች ደግሞ ከመርካቶ ሩቅ አይደሉም።