አልጋ የያዘ ታማሚ ገላው እንዳይቆስል እንዴት ማስታመም ይቻላል

ቤት ለቤት እየሄድኩ ታማሚ የምረዳ ነርስ ነኝ። አዲስ ታማሚ ስረከብ ከደም ግፊቱ በፊት የማየው ጀርባውንና ተረከዙን ነው። የመኝታ ቁስል አጥንቱ ጋ ካለው ሥጋ ሊጀምር ስለሚችል፣ ቆዳው ሲከፈት ውስጡ አስቀድሞ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። ለመዳን ወራት ሊፈጅ የሚችል ቁስል ነውና፣ ድካማችንን ሁሉ መከላከሉ ላይ እናውለው።

እጅዎን ይታጠቡ፤ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ ጥፍርዎ አጭር ይሁን።

ገላውን በቀን 2 ጊዜ ይመልከቱ። አጥንት የሚገፋቸውን ቦታዎች አይዝለሉ፦ ከመቀመጫ በላይ ያለውን አጥንት፣ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ ትከሻ፣ የጭንቅላት ጀርባ። የኦክስጅን ቱቦ ካለው ከጆሮው ኋላም ይዩ። የቀላ ቦታ ካገኙ በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁት። ነጣ ብሎ መልሶ ከቀላ ደም እየተዘዋወረ ነው፤ ሳይነጣ ከቀረ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ቁስል ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ፣ የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም ታማሚው «ያመኛል» የሚለው ቦታ ካለ እንደ ቁስል ይቁጠሩት። እዚያ ቦታ ላይ ማሸት አይገባም፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል።

አሁን ወደ ማገላበጡ። የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው፤ ቆዳው ከዚያ በፊት የሚቀላ ከሆነ ያሳጥሩት። አስታማሚዎች ሰዓቱን ሲያከብሩ አይቻለሁ፣ የሚስቱት አስተኛኘቱን ነው። ሙሉ በሙሉ በጎኑ ካስተኙት ክብደቱ ሁሉ ዳሌው ላይ ያርፋል። የሚፈለገው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ማዘንበል ነው። መጀመሪያ ልታዞሩት እንደሆነ ይንገሩት፤ የማይናገር ታማሚም ቢሆን ሊሰማ ይችላል። ከእርስዎ የራቀውን ጉልበቱን አጥፈው፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፈው፣ ትከሻውንና ዳሌውን ይዘው ወደ ራስዎ ያዙሩት። ከጀርባው ከትከሻ እስከ መቀመጫ ትራስ ያስገቡና ቀስ ብለው ትራሱ ላይ ያሳርፉት። ከዚያ መዳፍዎን ከሥሩ ይስደዱ፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት ፍራሹን መንካት የለበትም። ከነካ ትራሱን ያስተካክሉ። በጉልበቶቹ መካከልም ትራስ ያድርጉ።

ተረከዝን ብዙ ሰው ይረሳል። ትራሱ ከባቱ ሥር በርዝመቱ ይሁን፣ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ፣ ተረከዙ ምንም ሳይነካ ይንጠልጠል። ወረቀት ከሥሩ ሳይያዝ ካለፈ ልክ ነው።

ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲነሳ ሰውነት ወደታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላውን ይዞ ሲቀር አጥንቱ ይወርዳል፣ በመካከል ያሉ የደም ሥሮች ይጎተታሉ። ለምግብ ቀና ማለት ግዴታ ነው፤ ምግቡ ከረጋለት በኋላ ግን ሐኪሙ ካልከለከለ ዝቅ ያድርጉት። ወደ ላይ ሲመልሱት ብብቱን ይዘው አይጎትቱ። አንሶላ አጥፈው ከትከሻው እስከ ጭኑ ያንጥፉና ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሱት።

መሃሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ አልመክርም፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭኖ ለመሃሉ ደም ያሳጣዋል። የአየር ፍራሽ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ ካለ ይግዙ። ነገር ግን ፍራሹ ስለተገዛ ማገላበጡ የቀረባቸው ቤቶች ገጥመውኛል፣ ቁስሉም አልቀረም። ፍራሹ ላይ አንሶላ መደራረብም ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ሽንትና ሰገራ ቆዳ ላይ አይቆዩ። ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ሳይፈትጉ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ፤ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ኩላሊቱ ካልታመመ ፕሮቲን እንዲበዛለት ያድርጉ።

አስታማሚዎቹ ከአንድ በላይ ከሆናችሁ ሰዓቱንና የተኛበትን ጎን ደብተር ላይ ጻፉ፤ «አንተ አገላብጠኸዋል ብዬ» የሚባለው እዚህ ጋ ይቀራል።

ቆዳው ከተከፈተ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከጠቆረ ለሚረዳችሁ ነርስ ይደውሉ። እስኪመጣ በኖርማል ሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ በሚሆን ንጹህ የጨው ውሃ) አጥበው በንጹህ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ይሸፍኑት፤ አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አያስነኩት። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳት ወይም ድንገተኛ መቃዠት ካዩ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዱት።