የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ የራጅ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምርመራ ማዘዣው አጭር ነው፤ «የደረት ራጅ» ወይም «የግራ ጉልበት፣ ሁለት አቅጣጫ» ይላል። ከ40 ዓመት በፊት ጎድን ሥር ስለቀረው ፍንጣሪ፣ በመድፍ ድምፅ ስለደከመው ጆሮ፣ ሰው ከኋላው ሲቆም ስለሚደነግጠው ታካሚ ግን ምንም አይናገርም። እንዲህ ባለ ሆስፒታል የሚደጋገሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ከማሽኑ አይመጡም። የሚመጡት ታካሚው ክፍሉ ከገባ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ሳይጠየቅና ሳይታይ ከታለፈው ነገር ነው።

«እርስዎ እገሌ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ

ለዓመታት ከተኩስና ከፍንዳታ አጠገብ የኖረ ሰው ጆሮው ቢደክም አይገርምም። በተለይ ቀጫጭን ድምፆች ያመልጡታል፤ ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸትም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ የራሱ መስሎት ሊነሣ ይችላል፤ ሲጠየቅም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ስለዚህ በ«አዎ» የሚመለስ ጥያቄ አይጠይቁ። «ሙሉ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ» ይበሉና መልሱን ከእጅ አምባሩና ከማዘዣው ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎም «የሚያምዎት የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበሉ። ማዘዣው ግራ እያለ ጣቱ ወደ ቀኝ ከጠቆመ፣ ያዘዘው ሐኪም ሳይጠየቅ ራጅ አይነሣም።

ለደረት ወይም ለእግር ራጅ የመስሚያ መሣሪያውን ማስወለቅ አያስፈልግም። ለራስ ቅል ራጅ፣ ለጭንቅላት ሲቲና በማግኔት ለሚሠራው ኤምአርአይ ግን መውለቅ አለበት። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት መሣሪያውን አስወልቆ ከዚያ ማስረዳት መጀመር ነው። ማስረዳቱ ይቅደም። የእጅ ምልክትም ይስማሙ፤ ለምሳሌ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ «አየር ወደ ውስጥ ስበው ይያዙ»፣ ሲወርድ «ይተንፍሱ» ይሁን። አንድ ጊዜ አብረው ይለማመዱት፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱ ጀርባ ሆነው የሚጠብቁት የታካሚውን መልስ ሳይሆን የደረቱን እንቅስቃሴ ነው።

ፍንጣሪን በአንድ ጥያቄ ማጣራት

ከሁሉም የከበደ መዘዝ ያለው ስህተት ይህ ነው። «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ሲባል ብዙ ታካሚዎች «የለም» ይላሉ፤ አይዋሹም። በቀዶ ሕክምና ሁሉም እንደወጣላቸው ያምናሉ፤ ወይም ደግሞ ሳይሰማቸው የቀረ ጥቃቅን ቁራጭ አለ። ጥያቄውን በዝርዝር ይከፋፍሉት፦ በፍንዳታ ወይም በጥይት ቆስለው ያውቃሉ? ቁስሉ የት የት ነበር? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል? ሁሉም መውጣቱ በምስል ታይቷል? ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ? ብየዳ ወይም ብረት መሞረድ ሠርተዋል? ከዚያ የቀድሞ ምስሎችን ይክፈቱ። ለሳንባ ምች የተነሣ የድሮ ደረት ራጅ ትከሻ ላይ ያለ ፍንጣሪ ሊያሳይ ይችላል።

የኤምአርአይ ማግኔት ሁልጊዜ እየሠራ ነው፤ ምርመራው ባይጀመርም፣ ማታም ቢሆን አይጠፋም። ማግኔት የሚስበው ብረት በመስኩ ውስጥ ሊዞር ወይም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ጡንቻ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ፍንጣሪ አብዛኛውን ጊዜ በጠባሳ ይታሰራል። ዓይን ውስጥ ያለ ቁራጭ ግን እንዲህ ታስሯል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከትልቅ የደም ሥር ወይም ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ያለ ቁራጭም ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ራጅ ደግሞ ቁራጩ የት እንዳለ እንጂ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። እርሳስ በማግኔት አይሳብም፤ የጥይቱ ልባስ ወይም እምብርት ግን ብረት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የእርሳስ ጥይት ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ መወሰን የራጅ ባለሙያ ድርሻ አይደለም። ቦታውን፣ መጠኑንና የታካሚውን ታሪክ ይዘው ምስሉን ለሚያነብበው ሐኪም (ለራዲዮሎጂስቱ) እና ለኤምአርአይ ደኅንነት ኃላፊው ያቅርቡ።

ከኤምአርአይ በፊት ለዓይን ማጣሪያ ራጅ ሲታዘዝ፣ ከመጀመርዎ በፊት ዲቴክተሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ) ይጥረጉ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም የኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት የሚሰጠው መድኃኒት) ጠብታ የዓይን ጉድጓድ በሚነሣበት ቦታ ላይ ብታርፍ ፍንጣሪ ትመስላለች። ታካሚው አገጩን ከፍ ያድርግ፤ የጆሮ ውስጥ አጥንት ጥላ ከዓይን ጉድጓድ በታች መውረድ አለበት። አንዱን ምስል ወደ ላይ እያየ፣ ሌላውን ወደ ታች እያየ ያንሱ። ነጥቧ ከዕይታው ጋር ቦታ ከቀየረች የዓይን ኳሱ ውስጥ ናት። ከተጠራጠሩ ጭንቅላቱን ዲቴክተሩ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር አዛውረው ይድገሙት፤ ቆሻሻ ከሆነ ነጥቧ ዲቴክተሩ ላይ በነበረችበት ትቀራለች።

ፍንጣሪ ፍለጋ በተራ ራጅ ሲሆን አንድ አቅጣጫ ብቻ ማንሳት ዋጋ የለውም። በ90 ዲግሪ የተለያዩ ሁለት ምስሎች ያስፈልጋሉ፤ የቁስሉ መግቢያ ቆዳ ላይ በትንሽ ብረት ምልክት ይደረግበት፤ ቁራጭ ከገባበት ርቆ ሊሄድ ስለሚችልም መስኩ ሰፋ ይበል። መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ያረፈ እርሳስ እየሟሟ ደም ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ «መገጣጠሚያው ውስጥ ነው ወይስ አጠገቡ?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። መልሱ የሚገኘው ደግሞ በትክክል ከተነሣ የጎን ምስል ነው።

ሰው ሠራሽ እግሩን ሳያዩ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያውን መጠቀም

እግሩ የተቆረጠ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ ማዘዣው ምን እንደሚፈልግ ይለዩ። ጥያቄው ስለ ቀሪው እግር ሕመም፣ ስለ ኢንፌክሽን ወይም ጡንቻ ውስጥ ስለበቀለ አጥንት ከሆነ (ይህ በፍንዳታ ከተቆረጠ በኋላ የተለመደ ነው)፣ ሰው ሠራሹ እግርም ከሥሩ ያለው የሲሊኮን ሽፋንም ይወልቁ። ሁለት አቅጣጫ ይነሣ፤ ከላይ ያለው መገጣጠሚያም ይግባ። ጥያቄው ሰው ሠራሹ እግር በልኩ ስለመግጠሙ ከሆነ ግን እግሩን አጥልቆ፣ ክብደቱን ጥሎበት ቆሞ ነው የሚነሣው። አስወልቀው ካነሡ ምስሉ ምንም አይመልስም።

ቀሪው እግር አጭርና ቀጭን ስለሆነ የአውቶማቲክ መቆጣጠሪያውን ቻምበር (የደረሰውን ጨረር ለክቶ ማሽኑን የሚያዘጋውን ክፍል) ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ጨረሩ በባዶው በኩል በቀጥታ ይመታውና ማሽኑ «በቂ ነው» ብሎ ቶሎ ይዘጋል፤ ምስሉም ነጥብ ነጥብ የበዛበት ይሆናል። የዳሌ ወይም የጉልበት ብረት ባለበት ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ብረቱ ቻምበሩ ላይ ካረፈ ጨረሩ አይደርሰውም፣ ማሽኑም እስከ መጨረሻው ገደብ ይለቃል፤ ታካሚው ያለ ጥቅም ይጋለጣል። በሁለቱም ጊዜ መጠኑን በእጅ ይሙሉ። የዳሌ ብረት ሲነሣ ከላይ እስከ ታች ጫፉ፣ ከጫፉም በታች ጥቂት ሴንቲሜትር አጥንት ይታይ፤ ላልቶ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሰው ሠራሹን ካወለቀ በኋላ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደ ጠረጴዛው እንዲሄድ አይፍቀዱ። ዊልቼሩን ያቅርቡ፤ ፍሬኑን ራስዎ ይያዙ፣ መያዙንም በእጅዎ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ።

ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳን ታካሚ እንደማንኛውም ሰው ማዛወር

የሚታየው ሽባነቱ ነው፤ የማይታየው ብዙ ነው። ለዓመታት ክብደት ያልተጣለበት አጥንት ይሳሳል። ጉልበቱ አልዘረጋ ካለ አይግፉት፤ በትንሽ ኃይል ሊሰበር ይችላል፣ ታካሚውም ሕመሙ ስለማይሰማው አይጮህም። እግሩ የታጠፈ ከሆነ ጨረሩን ወደ እግሩ ያዘንብሉ እንጂ እግሩን ወደ ጠረጴዛው አያስገድዱ። ቀጭን ጨረር አሳላፊ ፍራሽ ያንጥፉ፤ የሱሪ ኪስ፣ የልብስ እጥፋትና ሽቦ ከሥሩ እንዳይቀር በእጅዎ ይዳስሱ። ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መተኛት ሊያቆስለው ይችላል። በሚያዛውሩበት ጊዜም በማንሸራተቻ ሰሌዳ ያዛውሩት፤ ቆዳውን አይጎትቱት።

የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፤ ግን ከፍና ዝቅ በሚል ወይም በሚንሸራተት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አይንጠልጠል። ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ ቱቦው ይታጠፋል፤ ፊኛው ይሞላል። ጉዳቱ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ታካሚ ላይ ይህች ትንሽ ነገር ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚባለውን አደጋ ልታስነሣ ትችላለች፤ ድንገተኛ የሚመታ ራስ ምታት፣ ፊትና አንገት ላይ ቅላትና ላብ፣ ከፍ የሚል የደም ግፊት ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ቁጥር አለ። የእነዚህ ሰዎች መደበኛ የላይኛው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው፤ ስለዚህ 140 ሲታይ «መጠነኛ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከለመደው በ20 እስከ 40 ከፍ ማለቱ ራሱ ምልክት ነው።

ምልክቱን ካዩ ምርመራውን ያቁሙ። ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ እግሮቹን ዝቅ ያድርጉ፣ ቀበቶና የጠበበ ልብስ ያላሉ፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ይፈትሹ፣ ድረሱልኝ ይበሉ። አግድም አስተኝቶ መጠበቅ ግፊቱን ያባብሰዋል።

ከኋላ መጥቶ ወይም ሳይናገሩ መንካት

የጦርነት ትዝታ የሚያሠቃየው ሰው ድንገተኛ ንክኪና ድንገተኛ ድምፅ ከባድ ይሆንበታል። ከፊቱ ሆነው ያናግሩት፤ ከመንካትዎ በፊት የት እንደሚነኩና ለምን እንደሆነ ይንገሩት። የተኛ ከሆነ ትከሻውን አይነቅንቁ፤ ከግርጌው ቆመው በስሙ ይጥሩት። ጠረጴዛው እንደሚንቀሳቀስ፣ መብራቱ እንደሚቀንስ፣ ኤምአርአዩ እንደሚያንኳኳና ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አስቀድመው ይንገሩት። ለጆሮው መድፈኛም ማዳመጫም ይስጡት፤ የመጥሪያውን ጎማ እጁ ላይ አስይዘው አንድ ጊዜ ያስጨምቁት። የሚሠራ መሆኑን ራሱ ካየ ብዙው ፍርሃት ይቀላል።

ምስሉ ስላማረ መጠኑ ትክክል ነው ማለት

ዲጂታል ዲቴክተር ከመጠን በላይ የተነሣን ምስል ራሱ አስተካክሎ ያሳያል። ስለዚህ ዓይንዎን ሳይሆን ዲቪዬሽን ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር ይመኑ። ዜሮ ማለት ከታለመው ጋር እኩል ነው፤ ሲደመር 1 ሩብ ያህል ጭማሪ፣ ሲደመር 3 እጥፍ፣ ሲቀነስ 3 ደግሞ ግማሽ ነው። ለብዙ ዓመት ሲያጨስ የኖረና ኤምፊዚማ ያለበት ሰው ሳንባው በአየር የተወጠረ ስለሆነ ለተራ ሰው በሚሆነው መጠን ከተነሣ ምስሉ ከልክ በላይ ይጠቁራል፤ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ። ሳንባው ረጅም ስለሚሆን የታችኛው ማዕዘን ከዲቴክተሩ እንዳይወጣም ይጠንቀቁ።

አልጋ ላይ በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲሠሩ ደግሞ ርቀቱን በሜትር ይለኩ። 100 ሴንቲሜትር የነበረው 130 ከሆነ ለተመሳሳይ ምስል 69% ተጨማሪ ኤምኤኤስ (ማሽኑ የሚለቀው የጨረር መጠን) ያስፈልጋል፤ በግምት የሚሠራ ሰው ምስሉ ለምን እንደተበላሸ አይገባውም። እርስዎም ከታካሚውና ከራጅ ቱቦው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ።

ኮንትራስት ላይ መቻኮል

ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳርና ኩላሊት ያለባቸው ብዙ ስለሆኑ የኩላሊት ምርመራውን ውጤት ሳያዩ አይጀምሩ። የኩላሊቱ የማጣራት መጠን (eGFR) ከ30 በታች ሆኖ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱ ለ48 ሰዓት ይቆማል፤ እንደገና የሚጀመረው ኩላሊቱ ዳግም ከታየ በኋላ ነው። ለደም ሥር ሲቲ ኮንትራስቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ሲገፋ ሮዙ ባለ 20 ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ወይም ከዚያ የሰፋ ያስፈልጋል፤ በእጅ ጀርባ ላይ ባለ ጠባቡ ሰማያዊ ካኑላ ይህን አይሞክሩ። አስቀድመው በሳላይን (ጨው ባለው ውኃ) ይፈትሹት፣ ሲገፋም ቦታውን በጣትዎ ይዳስሱ። የእጁ ስሜት በድሮ ቁስል የደነዘዘ ታካሚ ኮንትራስቱ ከደም ሥር ውጭ ሲፈስ «ያቃጥለኛል» አይልዎትም።

ያዩትን ሳይጽፉ መላክ

ራዲዮሎጂስቱ ታካሚውን አያየውም። ቀኝና ግራን የሚለይ የእርሳስ ማርከር ጨረሩ መስክ ውስጥ ይቀመጥ፤ በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመረው ምትኩ አይሆንም። ከምስሉ ጋርም ሁለት መስመር ይላኩ፦ «ሰው ሠራሽ እግር ወልቆ የተነሣ»፣ «መቆም ስላልቻለ ተቀምጦ የተነሣ»፣ «በግራ ትከሻ ላይ የድሮ የፍንዳታ ቁስል፤ ታካሚው ፍንጣሪ መቅረቱን አያውቅም»። ሦስተኛውን በኤምአርአይ ማጣሪያ መዝገብም ላይ ያስገቡት፤ ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለወገቡ ኤምአርአይ ሲታዘዝለት የሚቀበለው ሌላ ባለሙያ ነው።