1942 የሚለው ሽጉጥ፦ የድሮ የጦር ሽጉጥ ሰብሳቢ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አያቴ ሽጉጣቸውን በላምባና በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ሲወለውሉ ከጎናቸው እቀመጥ ነበር። ሽጉጡ ወገቡ ላይ እጥፍ ብሎ ሲከፈት ስድስቱ ጥይት በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ። እኔ የምጠብቀው እሷን ቅጽበት ነው። አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ላምባ በሸተተኝ ቁጥር ግን ልቤ ጎጃም ይሄዳል። የድሮ የወታደር ሽጉጥ መሰብሰብ የጀመርኩትም በዚሁ ሰበብ ይመስለኛል። ብዙ የለኝም። የሩሲያ ናጋንት፣ የእንግሊዝ ዌብሊ፣ የአሜሪካ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፤ በቃ። ስህተቱ ግን ከሽጉጡ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ማሳመር ነው። ናጋንቱን እንደገዛሁ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና ፈገፈግኩት። አበራሁት ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ አንድ የቆየ ሰብሳቢ አገላብጦ አየውና «የፋብሪካው ምልክት የታለ?» አለኝ። ምልክቱ ከዝገቱ ጋር ሄዷል። ቱላ በተባለው የሩሲያ የመሣሪያ ፋብሪካ የተሠራ ናጋንት ከሩሲያ አብዮት በፊት ከሆነ የዛሩ ንስር፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ኮከብ ይታተምበታል። መሣሪያው በየትኛው መንግሥት ዘመን እንደተሠራ የሚናገረው ያ ነው። እጀታው ላይ ያለው የላብ ጥቁረት፣ ከአፎት ሲወጣና ሲገባ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሳሳው ቀለምም እንደዚያው። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ዘይት በቂ ነው። እንደ አዲስ ቀለም ማስነከር፣ ኒኬል ማስለበስ የሚባለውንማ ተዉት።

ሁለተኛው፣ የሞዴሉን ዓመት የተሠራበት ዓመት ማድረግ ነው። ናጋንት «ሞዴል 1895» የሚባለው ሩሲያ በዚያ ዓመት ስለተቀበለችው ነው። ንድፉ የቤልጅጉ የሊዮን ናጋንት ነው፤ ቱላ ግን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሲያመርተው ኖሯል። እዚህ አሜሪካ ይህ የእውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚባለው እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራው ነው። ሻጩ «የ1895 ነው፣ ወረቀት አያስፈልገውም» ካላችሁ ብረቱ ላይ የታተመውን ዓመት ፈልጉ። 1938 ሊል ይችላል።

ጥይት ላይ የሚሠራው ስህተት ጣት ያስቆርጣል፤ ስለዚህ ቀልድ የለም። ዌብሊ ማርክ 6 በፈረንጅ 1915 የእንግሊዝ ጦር የያዘው ትልቅ ሽጉጥ ነው፤ የሚጎርሰው .455 የሚባለውን ጥይት ነው (ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት በኢንች ነው)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ሲገባ ያ ጥይት እንደልብ ስላልተገኘ የብዙዎቹን ጎራሽ (ጥይት የሚሞላበትን ተሽከርካሪ ክፍል) ከኋላ ሞርደው የ.45 ኮልት አውቶማቲክ ጥይት እንዲገባበት አደረጉት። ይገባል፤ ይተኮሳልም። ግን የፋብሪካ .45 ጥይት ግፊቱ ዌብሊው ሲሠራ ከተፈተሸበት ግፊት በላይ ነው። «ጓደኛዬ መቶ ጊዜ ተኩሷል» ማስረጃ አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚያው በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ የሠራቸው ቪክትሪ የሚባሉት ሽጉጦችም እንዲሁ በኋላ ውስጣቸው ተቦርቡሮ .38 ስፔሻል እንዲጎርሱ የተደረጉ አሉ። ቀዳዳው ለዚያ ጥይት ስለሚሰፋ ቀለሁ አብጦ ይወጣል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። እኔ የራሴን ዌብሊ አልተኩስም። ግድግዳ ላይ ያምርበታል።

በቆዳ አፎቱ ውስጥ አታስቀምጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። አፎቱ ለብቻ፣ ሽጉጡ ለብቻ።

ሕጉንም ሳታዩ አትነሱ። እዚህ ከስቴት ስቴት ይለያያል። የአባቴን ሽጉጥ ከአገር ቤት በሻንጣ አመጣለሁ፣ ወይም እዚህ የገዛሁትን ለዘመድ እወስዳለሁ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ሐሳቡን እዚያው ይተወው። አገር ቤት አዋጅ 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ አያቴ ሽጉጥ ልመለስ። ዛሬ አጎቴ ጋ ነው፣ ፈቃዱም በእሱ ስም ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው፦ በ1933 ንጉሡ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ አብሯቸው ከመጣው ጦር አንድ የእንግሊዝ መኮንን ለአያቴ ሸለማቸው። አንድ ቀን አጎቴን በቪዲዮ ደውዬ «ጋሼ፣ በቀኝ ጎኑ ከመዶሻው ሥር የተጻፈውን አንብብልኝ» አልኩት። መነጽሩን አደረገና «ኤንፊልድ ይላል፣ 1942 ይላል» አለ። ኤንፊልድ የእንግሊዝ የመሣሪያ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ዝም አለ።

«ምነው ጋሼ?»

«አባባ በ33 ተሸለምኩ ይሉ አልነበር? ዘጠኝ ዓመት ዋሹን እንዴ ልጄ?»

እዚህ ጋ ነው የእኛ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት። የታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው። 1942 የፈረንጅ ማለት በእኛ 1934 እና 35 ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኔ ግን ነገሩ እንዳልተዘጋ አውቄያለሁ። የፈረንጁ 1942 የሚጀምረው በእኛ ታኅሣሥ 1934 ነው፤ ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ከዚያ ቀድሞ በኅዳር ነው። ሽጉጡ እኛ አገር የነበረው ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው የተሠራው። በዚያው በፈረንጅ 1942 በተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ጦራችንን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ምናልባት በዚያ በኩል ደርሷቸው ይሆናል። ሽልማቱ ሌላ ሽጉጥ፣ ይሄኛው ሌላ ሽጉጥ ሊሆንም ይችላል።

አጎቴ ሌላም ነገር ነገረኝ። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ብረት ሠሪ «መዶሻው ጭራው ተሰብሯል፣ ልበይድልህ» ብሎት ነበር አሉ፤ ጭራ የሚለው በአውራ ጣት የሚሳበውን ጫፍ ነው። ደግነቱ ሰነፈና ሳይወስድለት ቀረ። አልተሰበረም! የእንግሊዝ ታንከኞች ጭራው ታንኩ ውስጥ በየነገሩ እየተያዘ ስላስቸገራቸው ከፈረንጅ 1938 ጀምሮ ኤንፊልድ ጭራ የሌለው መዶሻ ይዞ ነው የሚወጣው። ነባሮቹም ብዙዎቹ ወደዚያ ተቀይረዋል። ሳታጣሩ «ጎደለ» ብላችሁ አትበይዱ።

የሚቆጨኝ አያቴን ራሳቸውን አለመጠየቄ ነው። ልጅ ሆኜ ጥይቱን ሳይ ሰውየውን አላየሁም። አሁን አጎቴን የሚያስታውሰውን ሁሉ በስልክ ቅዳልኝ ብዬው ባለፈው ሳምንት አርባ ደቂቃ ላከልኝ። ከአርባው ሠላሳውን ስለ አያቴ በቅሎ ነው የሚያወራው።