ጀበናው ለምን ነቃ? በጡረታ ዘመን ሸክላ ለሚማሩ የችግርና መፍትሄ መመሪያ

ሸክላ መሥራት የጀመርሁት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ከተሰበሩብኝ ጀበናዎች የተማርሁት ዋና ነገር፣ እሳት ላይ የሚታየው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ከመቀጣጠሉ ከብዙ ቀናት በፊት የተጀመረ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ በእጅ ተሠርቶ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚቃጠል ጀበናን ይመለከታል። የሚሽከረከረውን መሥሪያ ትቼዋለሁ፤ የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች በአብዛኛው ያለ እርሱ ይሠራሉ፣ ደግሞም ጭቃውን መሐል ላይ ለማቆም የሚጠይቀው የክንድ ጉልበት ለእኛ ዕድሜ አይመከርም።

ጭቃው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል

አንድ ጣት የሚያህል ጭቃ አንከባልለው በጣትዎ ዙሪያ ይጠምጥሙት። ከተሰነጣጠቀ ወይ ውሃ አንሶታል፣ ወይም አፈሩ አሸዋ በዝቶበታል። ውሃ ጨምረው፣ በሚገባ አሽተው፣ ሦስት ቀን በፌስታል ጠቅልለው ያሳድሩት። ከዚያ በኋላም ከተሰነጠቀ አፈሩን ይለውጡ።

ገና ሲደርቅ ይነቃል

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ ንቃቱ የወጣበት ቦታ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። አንገቱ ወይም ጡቱ ከሆዱ ጋር በተገናኘበት ዙሪያ ከነቃ፣ ሆዱ ጠንክሮ ሳለ እርጥብ አንገት ተለጥፎበታል ማለት ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይበልጥ ስለሚኮማተር ከሆዱ ይላቀቃል። ሁለቱም ክፍሎች እኩል እርጥበት እስኪኖራቸው ይጠብቁ፤ የሚገናኙትን ፊቶች በስንጥር ጫር ጫር አድርገው ቀጭን ጭቃ ቀብተው ያጣብቋቸው፤ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ሸፍነው ሁለት ቀን ያቆዩአቸው። ከአፉ ወደ ታች የወረደ ንቃት ካዩ አፉ ከሌላው አካል ቀድሞ ደርቋል፤ ፀሐይ ወይም ነፋስ አግኝቶታልና ጥላ ውስጥ አስገብተው አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት። መቀመጫው ከነቃ ደግሞ ጣውላው ላይ ተጣብቆ መኮማተር አልቻለም፤ ከሥሩ አመድ ቢነሰነስ ኖሮ እንደ ልቡ ይንሸራተት ነበር።

መላ አካሉ ከተሰነጣጠቀ ችግሩ አፈሩ ነው። ይህን ለማወቅ ከእርጥቡ ጭቃ አንድ ቁራጭ ዳምጠው ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር ይጫሩበትና ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መልሰው ይለኩት። 9.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መልካም ነው፤ ከ9 ካነሰ ግን ኩምትርቱ ስለበዛ የተወቀጠ ገል ያስፈልገዋል። የተሰበረ ጀበና ወይም ማሰሮ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀላቅሉበት። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ስላየ ከእንግዲህ አይኮማተርም፤ በሚቃጠልበት ጊዜም ለእንፋሎቱ መውጫ ቀዳዳ ይሆናል። በደረቀ ንቃት ላይ እርጥብ ጭቃ መለጠፍ ግን ጥቅም የለውም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬው ያው ቦታ ተመልሶ ነቅቷል። ያልተቃጠለ ሸክላ ሰባብረው ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ተመልሶ ጭቃ ስለሚሆን የሚባክን ነገር የለም።

እሳት ውስጥ ይፈነዳል

ፍንዳታው እሳቱ በተጫረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከተሰማ ምክንያቱ በግድግዳው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚያድግ፣ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ይበረግደዋል። ደርቆ መምሰሉ አያታልልዎ። ጀበናውን በጠዋት አንሥተው ከጉንጭዎ ጋር ያገናኙት፤ ከአካባቢው አየር ቀዝቀዝ ካለብዎ ውሃው ገና እየተነነ ነው። ለብ ያለና የደረቀ ስሜት እስኪሰጥዎ አንድ ሳምንት፣ በክረምትም ከዚያ በላይ ይታገሡ፤ በሚያቃጥሉበት ዕለትም ፍም አጠገብ አስቀምጠው በየጊዜው እያገላበጡ ሁለት ሰዓት ያህል ያሙቁት።

ሲቀዘቅዝ «ቀጭ» ብሎ ከተሰነጠቀ ምክንያቱ ሌላ ነው። በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በ573 ዲግሪ አካባቢ መጠኑን በድንገት ስለሚለውጥ፣ ያን ጊዜ ነፋስ የነካው ወገን ካልነካው ይለያያል። ልምድ ያላቸው ሸክላ ሠሪዎች ዕቃው እንደ ፍም ቀልቶ ሳለ አውጥተው ጭድ ውስጥ በመቅበር ሲያጠቁሩት አይተው ይሆናል፤ እርስዎ ግን አመዱ ውስጥ እንዳለ፣ በባዶ እጅ ለመያዝ እስኪመች ድረስ ይተዉት።

ነጭ ነጥብ እያወጣ ይላጣል

ተቃጥሎ ደህና የነበረው ዕቃ ከቀናት በኋላ እንዲህ ካደረገ አፈሩ የኖራ ድንጋይ ነበረበት። እሳት ያየው ኖራ ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጣል። ወደፊት ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ ከኮረፈ አይጠቀሙበት።

ጣት ያማል፣ ወገብ ይይዛል፣ ደረት ይከብዳል

የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ጠንካራ ጭቃና ቀዝቃዛ ውሃ ጠላቶቹ ናቸው፤ ጭቃውን አለስልሰው፣ ለብ ያለ ውሃ ይዘው፣ በየ40 ደቂቃው ይረፉ። መሬት ተቀምጦ ከማጎንበስ ይልቅ ክርንዎ በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይሻላል። የስኳር ሕመምተኛ ጭቃ በባዶ እግሩ አይርገጥ፤ እግሩ ስለሚደነዝዝ ስባሪ ሲወጋው ላይሰማው ይችላል። የደረቀ ጭቃና የገል ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ አለበትና መጥረጊያውን ትተው በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ገል ሲወቅጡም ማስክና መነጽር አድርገው ደጅ ይሁኑ።

እጅ አይታረምም

ስድስት ወር ሠርቶም ግድግዳው አሁንም አንድ ወገን ወፍራም፣ ሌላው ስስ የሚሆንበት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሚማር ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ለመናገር የሚያሳፍር ነው፤ በእኛ ዘመን ሸክላ ሠሪ በክፉ ስም እየተጠራ፣ እኛም በልጅነታችን ያንን እየሰማን በማደጋችን፣ ዛሬ ሄዶ ከእግራቸው ሥር መቀመጥ ይከብደናል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ቀጨኔ ቅርብ ነው። ተገቢውን ክፍያ ከፍለው ግማሽ ቀን ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጎን ይቀመጡ። ዓይንዎ ጀበናው ላይ ሳይሆን ውስጥ በገባው እጅዋ ላይ ይሁን፤ የውስጡ መዳፍ ወደ ውጭ ሲገፋ የውጭው ጣት እየተቀበለው፣ ሁለቱ የግድግዳውን ውፍረት እየተለካኩ ይዞራሉ።

ውሃ ያወጣል

ሲያንኳኩት ድምፁ ከታፈነ፣ ውሃ ሲነካውም ከለሰለሰ፣ ከ600 ዲግሪ በታች ቀርቷልና በደንብ አድርቀው እንደገና ያቃጥሉት። ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ውጪው ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ግን ስሕተት የለም፤ እንዲህ ያለ ሸክላ ቀዳዳ አያጣም፣ የቀረው ማሟሸት ነው። ቀጭን የዱቄት ሙቅ በቀስታ አፍልተው፣ ውስጡ እንዳለ አሳድረው፣ ጠዋት ያለቅልቁት። ከሦስት ጊዜ በኋላም ከሥሩ ማቶቱን የሚያርስ ከሆነ ለቡና አይሆንም፤ የደረቀ አበባ ይያዝ፣ ወይም ተወቅጦ ለሚቀጥለው ጭቃ ገል ይሁን።