ለባዝራችሁ ድንጉላ ስትመርጡ መጀመሪያ እናቱን ጠይቁ

የንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስም ማን ነው ብትሉ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው አባ ሻንቆ ይላችኋል። የሻንቆ እናትስ? እሷን የሚያነሳ የለም። እኛ ደጋ ላይ እስካሁን እንደዛው ነው፣ ድንጉላ ሲመረጥ ጋማው፣ መልኩ፣ ጉግስ ላይ ስንቱን እንዳስከነዳ ይወራል፣ የወለደችው ባዝራ ግን ተረስታለች።

እነዚያ በሙዚቃ የሚራመዱትን የድሬሳጅ ፈረሶች ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ፣ የሚያረቧቸው ሰዎች እንዲህ አይሰሩም። ቶቲላስ የሚባለው ጥቁር የሆላንድ ፈረስ አባቱ ግሪባልዲ፣ እናቱ ሎሚንካ፣ የእናቱ አባት ግሌንዴል ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ የእናት ወገን አይዘለልም። እናንተም የድንጉላውን ባለቤት እናቱ የማን ባዝራ ናት፣ ስንት ወለደች በሉት፣ ካለች ደግሞ ሄዳችሁ እዩዋት። እግሯ ቀጥ ያለ፣ ኮቴዋ የማይሰነጠቅ፣ ወሎ ደጋ ጉጉፍቱ ብርድ ላይ ጭድ በልታ ያልከሳች ከሆነች ከልጇ ጋማ የበለጠ ይነግራችኋል።

ከዛ ድንጉላው ከተለያዩ ባዝሮች የወለዳቸውን ሶስት አራት ውርንጭሎች እዩ። ሁሉም አረማመዳቸው ከተመሳሰለ ከሱ ነው የመጣው፣ አንዱ ብቻ ካማረ ግን ምናልባት እናቱ ናት። በነገራችን ላይ አያ የምንላቸው ጎረቤታችን ድንጉላውን ቆሞ አያዩትም ነበር፣ ቁልቁለት አስወርደው ነው የሚያዩት፣ እኔ ልጅ ሆኜ እስቅባቸው ነበር።

ድንጉላውን ከገዛ ልጁ ወይም ከእህቱ ጋር አታገናኙት። ሰፈር ውስጥ አንድ ድንጉላ ብቻ ሲኖር ይሄ ሳይታወቅ ነው የሚመጣው። የድሬሳጅ ዘሮች ውስጥ ቆዳቸው እየተቀደደ የማይተርፉ ውርንጭሎች የሚወለዱበት በሽታ አለ፣ አባትም እናትም ሳይታመሙ ይሸከሙታል፣ ሁለት ተሸካሚ ከተገናኘ በየወሊዱ ከ4 የ1 እድል አለው፣ ዛሬ በደም ምርመራ ይለዩታል። እኛ ምርመራው የለንም ስለዚህ ዝምድናውን ማወቅ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ላምጣችሁ። ደህና ባዝራ ያለው ሰው ምን ያደርጋል፣ ለአህያ ያስጠቃታል፣ በቅሎ ስለሚያወጣ። አልፈርድም፣ ገንዘብ ነው። ግን ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው አህያ 62፣ በቅሎ 63 ይዛ ስለምትወለድ አትወልድም፣ ስለዚህ የዛች ባዝራ ደም እዛው ቆመ ማለት ነው። ወንዱ ደግሞ ጎበዝ ሲሆን ለግልቢያ ብለን እናኮላሸዋለን፣ ለዘር የሚቀረው የተረፈው ነው! ቫሌግሮም የተኮላሸ ነበር፣ በ2014 ለንደን ላይ በድሬሳጅ ውድድር 94.3 በመቶ ያመጣው ፈረስ፣ ግን እነሱ አባቱ ኔግሮ መሆኑ ተጽፎላቸዋል ወደ አባቱ ይመለሳሉ፣ እኛ ወደማን እንመለስ? ስለዚህ ከበቅሎ በፊት አንድ ሴት ውርንጭላ ከጥሩ ድንጉላ አስወልዱላት፣ ወንዱንም ሁለት ሶስት ልጅ ሳታዩ አታኮላሹት፣ አባትና እናቱንም ደብተር ላይ ጻፉ።

ቀኑን በተመለከተ ባዝራ በየ21 ቀኑ አካባቢ ወንድ ትፈልጋለች፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ የሚለቀቀው ግን መጨረሻው ላይ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን አስጠቅታችሁ ወደ ቤት ብትሄዱ ድካም ነው። ከ3ኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ድንጉላውን እስክትከለክል ድረስ አስጠቁ። ድንጉላው ብልቱ ካበጠ ወይም ቁስል ካለው አታቅርቡት፣ ዱሪን የሚባል በመጠቃት የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ የእንስሳት ሀኪም ይየው። እርግዝናው 11 ወር ከምናምን ነው፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የተጠቃች መስከረም ላይ ሳር ሲለመልም ትወልዳለች፣ ለወተቷ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከተጠቃች በኋላ ከ18ኛው ቀን ጀምራችሁ ወደ ድንጉላው አስጠጓት። ጆሮዋን ጥላ ከተራገጠች ሳይዝላት አልቀረም አብሽሩ፣ ጭራዋን አንስታ ከቆመችለት ግን አልያዘም፣ እንደገና ነው።